ላንቃው መቼ ይዘጋ?

ከንፈሩና ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን ጠንካራው (አጥንት ያለው የፊተኛው) የላንቃ ክፍል በመጀመሪያው ዓመት ይዘጋለት? ወይስ የፊቱ አጥንት እንዲያድግ ይቆይ? አንዲት የጥርስና መንጋጋ ማስተካከያ ሐኪምና አንድ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ይከራከራሉ። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሐኪሟ፦ ይቆይ

እኔ ጋ የሚመጡት ቀዶ ሕክምናው ካለፈ ከዓመታት በኋላ ነው። ቤተሰብ “ተገላገልን” ብሏል። ልጅቷ 13 ዓመት ሲሞላት ግን የፊቷ መሃል ወደ ውስጥ ገብቷል። አፏን ስትገጥም የላይ የፊት ጥርሶቿ ከታችኞቹ ኋላ ያርፋሉ። ዳቦ መግመጥ ያቅታታል።

ጥፋቱ የጠባሳው ነው። ላንቃ ሲሰፋ ሥጋው ከአጥንቱ ይላቀቃል። በተራቆተው አጥንት ላይ የሚወጣው ጠባሳ አይለጠጥም፤ መንጋጋው ደግሞ ገና ማደግ አለበት። ስሪላንካ ውስጥ ሳይታከሙ ያደጉ አዋቂዎች ተጠንተው፣ ውጤቱ በ1990 ታትሟል። የላይኛው መንጋጋቸው በደንብ አድጓል። ዕድገቱን የሚይዘው እንግዲህ ጥገናው ነው ማለት ነው። የስዊድኗ ጎተንበርግ ከ1975 ጀምሮ ለስላሳውን (የኋለኛውን) ላንቃ በሕፃንነት እየዘጋች ጠንካራውን እስከ 8 ዓመት ገደማ ታቆየው ነበር። መንጋጋው አደገ። እኛስ ለምን አንማርም?

የንግግር ባለሙያው፦ አይቆይ

ዶክተር፣ ስለ ጠባሳው ያሉት እውነት ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ልጁ ምን እያለ ያድጋል? ላንቃው ክፍት ከሆነ አየሩ በአፍንጫው ይሾልካል። “ዳቦ” ሊል ፈልጎ “ናሞ” ይላል። “ፓፓ በል” ብዬ ከአፍንጫው ስር መስታወት ስይዝ መስታወቱ ጉም ይለብሳል። አማርኛ ደግሞ ጠ፣ ጨ፣ ጸ አሉት፤ አየር አፍ ውስጥ ካልታመቀ በትክክል አይወጡም። ልጁ መላ ሲያጣ ድምፁን ከጉሮሮው አንቆ ያወጣዋል። ይሄን አንዴ ከለመደ ላንቃው ቢዘጋም ልማዱ በቀላሉ አይለቀውም። ክፍል ውስጥ ሲስቁበት እጁን ማውጣት ያቆማል።

የጀርመኗ ማርቡርግ ጠንካራውን ላንቃ እስከ ጉርምስና ታቆይ ነበር። በ1980ዎቹ ታካሚዎቹ ሲመረመሩ የፊታቸው ዕድገት ጥሩ ነበር፤ ንግግራቸው ግን ተጎድቷል። ጎተንበርግ ራሷም በኋላ ዕድሜውን ወደ 3 ዓመት ገደማ አውርዳዋለች። በ2023 የታተመ ሰፊ ጥናት ደግሞ ላንቃቸው ብቻ የተሰነጠቀ 558 ሕፃናትን ይዞ፣ ላንቃን በ6 ወር መዝጋትን በ12 ወር ከመዝጋት ጋር አወዳድሯል። በ5 ዓመታቸው ላንቃቸው አየሩን በሚገባ መያዝ ያቃተው በ6 ወር ከተዘጋላቸው 8.9 በመቶ፣ በ12 ወር ከተዘጋላቸው 15 በመቶ ነበሩ፤ ቀድሞ የተዘጋላቸው ተሻሉ።

እዚህ አገር ደግሞ እናት ልጇን አዝላ፣ ብር ተበድራ ከገጠር ትመጣለች። “ከዓመታት በኋላ ተመለሺ” ልንላት ነው?

ሐኪሟ

ወንድሜ፣ የጠቀሱት ጥናት በዋናነት የለካው የ5 ዓመት ንግግር ነው። ፊት የሚለየው በጉርምስና ነው። መንጋጋው ወደኋላ ከቀረ፣ ዕድገት ሲያበቃ የላይኛው አጥንት ተቆርጦ ወደ ፊት ይገፋል፤ ከዚያ በፊትና በኋላ የጥርስ ሽቦ አለ። ስንት ቤተሰብ ነው ይሄን የሚችለው? አንድ ነገር ልጨምር፦ መንጋጋው ወደ ፊት ሲወጣ ለስላሳውን ላንቃ ይዞት ይሄዳል። እርስዎ በስንት ልፋት ያቀኑት ንግግር በ18 ዓመቱ እንደገና ሊበላሽ ይችላል። 8 ዓመት ይቅር። 3 ዓመት እንበል።

የንግግር ባለሙያው

ይሄኛው ከባድ ነጥብ ነው፤ እኔንም ያሳስበኛል። ግን ጠባሳውን የሚያበዛው ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ የተሠራበት መንገድም ነው። በኖርዌይዋ ኦስሎ የጠንካራውን ላንቃ የፊት ክፍል የሚዘጉት በ3 ወር፣ ከከንፈሩ ጋር ነው፤ ሥጋውን የሚወስዱት ከአፍንጫ መሃል አጥንት ላይ ስለሆነ ላንቃውን ብዙ አያራቁቱም። የልጆቻቸው የፊት ዕድገት በጥሩነቱ ይጠቀሳል። እዚህም ቀዶ ሐኪሞቻችን እንዲህ ይሠልጥኑ፤ እርስዎም ልጆቹን እስከ ጉርምስና ይከታተሉ። የመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ግን ልጅ አፍ የሚፈታባቸው ናቸው። እነሱን አልሰጥዎትም።