የወረቀት ፋብሪካ ዝቃጭ ነዳጅ ይሁን? ክርክር ከአራት ኪሎ

የክርክሩ ሐሳብ፦ «የወረቀት ፋብሪካ ዝቃጭ በካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ኬሚካላዊ ለውጥን በሚያፋጥን ነገር) ታግዞ በፓይሮሊሲስ ወደ ነዳጅ ይለወጥ።» ደጋፊዋ አምስት ኪሎ የምታስተምር የኬሚካል መሐንዲስ ናት። ተቃዋሚው አራት ኪሎ አካባቢ በማተሚያ ቤት የኖሩ አንጋፋ ባለሙያ ናቸው።

ደጋፊ፦
ፓይሮሊሲስ ማቃጠል አይደለም። ዝቃጩ አየር በሌለበት ምድጃ ውስጥ እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ኦክስጅን ስለማያገኝ አይነድም፤ ይፈራርስና ትነት፣ ጋዝና ከሰል ይወጣዋል። ትነቱ ሲቀዘቅዝ ዘይት ይሆናል። ዘይቱ ግን አሲድ አለበት። ብረት ይበላል፣ ከናፍጣም ጋር አይዋሃድም። ካታሊስት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ትነቱ ሳይቀዘቅዝ በዚዮላይት፣ ማለትም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ባሉት ማዕድን ካታሊስት፣ ውስጥ ሲያልፍ አብዛኛው ኦክስጅን በውሃና በካርቦን ጋዞች መልክ ይወጣለታል። ለቦይለር የሚሆን የተሻለ ነዳጅ ይገኛል። ናፍጣና ቤንዚን በዶላር ለሚያስገባ አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ተቃዋሚ፦
ልጄ፣ ከዘይቱ በፊት ስለ ውሃው እናውራ። ከፋብሪካ የሚወጣው ዝቃጭ ጭቃ ነው። ከ1 ኪሎው 700 ግራሙ ውሃ ነው እንበል። ያንን ለማሞቅና ለማትነን 1.8 ሜጋጁል ገደማ ይፈልጋል። ከቀሪው 300 ግራም ግማሹ ነጭ ሸክላና የኖራ ድንጋይ ዱቄት ቢሆን፣ ነዳጅ የሚወጣው 150 ግራም ቃጫ ብቻ ይቀራል። እሱ ሙሉ በሙሉ ቢነድ እንኳ የሚሰጠው 2.5 ሜጋጁል አካባቢ ነው። ከዚህ ላይ የምድጃው ሙቀትና በየቦታው የሚባክነው ሲቀነስ ምን ይተርፋል? ካታሊስቱም ዘይቱን ሲያጠራ መጠኑን ይቀንሰዋል። እኔ የሲሚንቶ ፋብሪካ ይውሰደው ባይ ነኝ። ቃጫው እዚያ ይነድዳል፣ ሸክላውና ኖራው የሲሚንቶው አካል ይሆናል።

ደጋፊ፦
ጋሼ፣ ስሌቱ ልክ ነው። ግን ጭቃው እንዳለ ምድጃ አይገባም። መጀመሪያ በመጭመቂያ ይጨመቃል፤ ውሃን መጭመቅ ከማትነን በጣም ይረክሳል። ግማሽ በግማሽ ካደረስነው፣ ለዚያው 300 ግራም ደረቅ ነገር የሚተነው ውሃም 300 ግራም ብቻ ነው። 0.8 ሜጋጁል ቢወስድ ነው። ለሱም ከወረቀት ማድረቂያው የሚወጣ ትኩስ አየር አለ። በበጋ ደግሞ ፀሐያችን አለች። ሲሚንቶ ፋብሪካ ድረስ ጭቃ መጫን ግን ውሃ በካሚዮን ማመላለስ ነው።

ተቃዋሚ፦
ካታሊስቱስ? ጥላሸት ፊቱን ይሸፍነዋል። ጥላሸቱን እያቃጠላችሁ ብታድሱትም ቀስ በቀስ ይደክማል። መተኪያው የሚገዛውም በዶላር ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ምድጃ አንዴ ከተተከለ በየቀኑ የሚገባበት ይፈልጋል። ዝቃጩ ሲያንስ ዐይኑ የሚያርፈው ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ማተሚያ ቤቶች በሚወጣው ቁራጭ ላይ ነው። ንጹሕ ወረቀት እኮ ቃጫው አጥሮ ከጥቅም እስኪወጣ አምስት ስድስት ጊዜ ተመልሶ ወረቀት መሆን ይችላል። ቆራሌውም ሰብሳቢውም እንጀራ የሚበላው ከዚያ ነው። ዘይት ካደረጋችሁት በኋላ የሚመለስ ነገር የለም።

ደጋፊ፦
ቁራጩ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ምድጃው መውሰድ ያለበት በጣም አጥሮ ከወረቀት መሥሪያው ወንፊት ያመለጠውን ቃጫ ብቻ ነው። ይሄም የፋብሪካው ፈቃድ ላይ ይጻፍ። ካታሊስቱ ላይ ግን አልስማማም። ዚዮላይቱ ከዝቃጩ ጋር ከተቀላቀለ አመዱ ያበላሸዋል። ለብቻው ሲቀመጥ ግን የሚያገኘው ትነቱን ብቻ ስለሆነ ዕድሜው ይረዝማል። በዝቃጩ ውስጥ ያለው ካልሲየምም ራሱ አሲዱን ይቀንሳል፤ ያ ደግሞ በነፃ የመጣ ነው።

ተቃዋሚ፦
እንግዲያው ከመጭመቂያው ጀምሩ። እሱ ለሲሚንቶም ለነዳጅም ይጠቅማል። ዝቃጩ በፋብሪካው ትርፍ ሙቀት ብቻ ሲደርቅ፣ በክረምትም ጭምር፣ አሳዩኝ። ስለ ዚዮላይት ያኔ እናወራለን።