ቅቤውን ተዉት፤ በምትኩስ ምን በሉ?

«ለልቤ ብዬ ቅባት ትቻለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥም ቀድሞ መነሳት ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ በምትኩ ምን እየበላህ ነው? በቅባትና በልብ ጤና ዙሪያ የሚካሄደው ክርክር የሚቋጨው እዚህ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ይታለፋል። ሰዎችም ለዓመታት ራሳቸውን እየከለከሉ ያሰቡትን ጥቅም ሳያገኙ ይቀራሉ።

ጉበት ኮሌስትሮል ተሸክሞ የሚዞረውን ኤልዲኤል ከደም ውስጥ የሚለቅመው በሕዋሶቹ ላይ ባሉ ተቀባዮች ነው። ቅቤ፣ ጮማ፣ የፓልምና የኮኮናት ዘይት በብዛት የያዙት ሳቹሬትድ ፋት ሲበዛ የእነዚህ ተቀባዮች ሥራ ይዳከማል። ሳይለቀም የቀረው ኤልዲኤል በደም ውስጥ ሲዞር ይቆይና ወደ ደም ቅዳ ግድግዳ ሰርጎ ይከማቻል። ይህ ሁሉ ዓመታት የሚፈጅና ምንም ስሜት የማይሰጥ በመሆኑ «እኔን ምንም አላደረገኝም» ማለት ማስረጃ አይሆንም። እንደ ሱፍና አኩሪ አተር ዘይት ያሉት ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራሉ፤ ኤልዲኤልን ይቀንሳሉ።

እ.ኤ.አ. በ2014 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ አንድ ትንተና በሳቹሬትድ ፋትና በልብ ሕመም መካከል ግልጽ ዝምድና አላገኘሁም ሲል፣ «ቅቤ ነጻ ወጣ» የሚል ወሬ በየቦታው ተሰማ። እንዲህ ያለው ውጤት ግን ቅቤን ከምን ጋር እንዳወዳደርን አይነግረንም። ቅቤ የቀነሰ ሰው ጉድለቱን በነጭ ዱቄትና በስኳር ከሞላው ለልቡ ያተረፈው ነገር የለም። በፈሳሽ የአትክልት ዘይት ሲተካው ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ምክር፣ በሙከራዎች የልብና የደም ሥር ሕመም በ30 በመቶ ገደማ መቀነሱን ገልጿል። ይህ ስታቲን ከተባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ውጤት ጋር የሚቀራረብ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከዕለቱ ካሎሪ ከሳቹሬትድ ፋት የሚመጣው ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል፤ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 22 ግራም ገደማ ማለት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 7 ግራም አለው፣ የወይራ ዘይት 2 ግራም፣ የኮኮናት ዘይት ግን ከ11 ግራም በላይ። «ከዕፅዋት የተሠራ፣ ኮሌስትሮል የሌለው» የሚለው ማስታወቂያ እዚህ ላይ ያሳስታል፤ ኮሌስትሮል ያለው የአትክልት ዘይት ድሮም የለም፣ ጉዳቱ የሚመጣው ከሳቹሬትድ ፋቱ ነው። ሁለት ማንኪያ የኮኮናት ዘይት የቀኑን ኮታ ጨርሶ ያሟጥጣል።

ፈሳሽ ዘይት እንዲረጋ በከፊል ሃይድሮጂን ሲጨመርበት የሚፈጠረውን ትራንስ ፋትን በተመለከተ ግን «በልክ» የሚባል ነገር የለም። ኤልዲኤልን ከፍ፣ ትርፍ ኮሌስትሮልን ወደ ጉበት የሚመልሰውን ጠቃሚውን ኤችዲኤል ዝቅ ያደርጋል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2003 ከ100 ግራም ቅባት ውስጥ ከ2 ግራም እንዳይበልጥ በሕግ ገድባለች፤ ሁሉም አገር ይህን ማድረግ ነበረበት። በአንዳንድ አገሮች ሕግ በአንድ ጊዜ መመገቢያ መጠን ውስጥ ከ0.5 ግራም በታች ከሆነ «0» ብሎ መጻፍ ይፈቀዳል። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ ሁለት ብስኩት እንደ አንድ መጠን ተቆጥሮ 0.4 ግራም ቢኖረው፣ ስድስት የበላ ሰው «ዜሮ» እያነበበ 1.2 ግራም ወስዷል ማለት ነው። ቁጥሩን ትተው የግብዓቱን ዝርዝር ያንብቡ፤ «በከፊል ሃይድሮጂን የተጨመረበት ዘይት» የሚል ካለ መልሰው ያስቀምጡት።

ወጥ ቤት ውስጥ የሚበዛው ስህተት ደግሞ መተካትን ከመጨመር ጋር ማደባለቅ ነው። ቅቤው ሳይቀነስ የወይራ ዘይት ከላይ ማፍሰስ በየማንኪያው 120 ካሎሪ ገደማ ይጨምራል እንጂ ልብን አይጠብቅም። ዘይትን ከጠርሙሱ ከማንቆርቆር በማንኪያ ለክቶ መጨመር፣ የሚጨስ ዘይትን መድፋት፣ ደጋግሞ የተጠበሰበትን አለመጠቀም፤ እነዚህ ልማድ ይሁኑ።

ለውጡ መሥራቱን የሚያሳየው የደም ምርመራ ነው። ከመጀመርዎ በፊት ኤልዲኤልዎን ይለኩ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ይድገሙት። በዴሲ ሊትር 190 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን በዘር የሚተላለፍ ችግር ሊሆን ስለሚችል አመጋገብ ብቻውን አይበቃም፤ ሐኪም ማማከርና ወላጆችን፣ እህት ወንድሞችንና ልጆችን ማስመርመር ያስፈልጋል።