ማንኪያዋ ትከበር

የዘመኑን ሰው ብልሃት አለማድነቅ ንፉግነት ነው። አባቶቻችን ጮማ የሚበሉት በባዶ ድፍረት ነበር። እኛ ግን መድኃኒታችንን በኪሳችን ይዘን ነው ሥጋ ቤት የምንገባው።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጋሼ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሻኛውን በቢላ እየሸረከቱ፣ ሚጥሚጣ እያስነኩ፣ ኪሎውን ለብቻቸው ጨረሱ። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ በፌስታል የተጠቀለለች ጠርሙስ ወጣች። የወይራ ዘይት! ማንኪያ አስመጡ፣ ጢም አድርገው ሞሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጡ።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ቧንቧ ጠራጊ ነዋ! ፈረንጆቹ አጥንተውታል።»

ሐቃቸውን ነው፣ ጥናቱ አለ። ፕሬዲሜድ ይባላል፤ ስፔን ውስጥ ለልብ ሕመም የተጋለጡ ከ7 ሺህ 400 በላይ ሰዎች ተካፍለውበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ፣ ሰዎቹ በየቡድኑ በተመደቡበት መንገድ ላይ ስህተት ተገኝቶ በ2018 ታርሞ እንደገና ታተመ። ውጤቱ ግን ያው ነው፦ የወይራ ዘይት ወይም እንደ ዋልነትና አልመንድ ያለ ለውዝ በታከለበት ገበታ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክና በልብና በደም ሥር ሕመም መሞት ተደምረው በ30 በመቶ ግድም ቀነሱ። የተወሰኑት ደማቸው ሲመረመርም የብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ ምልክቱ ወርዶ ተገኝቷል። ሰዎቹ ታዲያ አትክልት፣ ጥራጥሬና ዓሣ እንዲያዘወትሩ፣ ቀይ ሥጋም እንዲቀንሱ ተመክረው ነበር። ይህችን ገጽ ጋሼ ዘለዋታል። ደግ አደረጉ፤ የምግብ ፍላጎት ትዘጋለች።

የምህንድስናቸው ነገር ደግሞ ለብቻው ሽልማት ይገባዋል። መጥፎው ኮሌስትሮል የሚሰርገው የደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ነው። ነጭ የደም ሴሎች ሊበሉት ይመጣሉ፣ በልተው በልተው በስብ ይሞሉና እዚያው ይቀራሉ። ግድግዳው ይቆጣል፣ ያብጣል። አንድ ቀን ሲቀደድ ደም ይረጋበታል፣ መንገዱ ይዘጋል። ግድግዳ ውስጥ የተሰነቀረን ነገር በጉሮሮ በኩል በማንኪያ መጥረግ! ይህን የትኛው ቧንቧ ሠራተኛ አሰበው?

ተልባማ ምኗ ይወራል? ለልብ ደግ የሚባለው ስብ፣ ኦሜጋ 3፣ ሞልቷታል ይላሉ። ግን የጓዳ ልጅ ናት፣ በጾም ካልሆነ ማንም አያስታውሳት። ኮት ኪስ ውስጥ የምትገባ ጠርሙስ እንኳ የላትም። እንዴት ትከበር?

ጋሼ ማንኪያዋን በሶፍት ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«ላንተም ልቅዳልህ?»

«ኧረ ገና ምንም አልቀመስኩም።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ግማሽ ኪሎ እዘዝ እንጂ! በባዶ ሆድ ምኑን ይጠርገዋል?»