ይሄ ፕረዘንት ፐርፌክት የሚሉት የእንግሊዝኛ የግስ ጊዜ አንጀቴን አሳርሮታል

አሁን ከኢንተርቪው መውጣቴ ነው። እጄ ገና ይንቀጠቀጣል፣ ዝም ብል ደግሞ ልፈነዳ ነው።

ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። መሃል ያለችው ስለ ሥራ ልምድህ ንገረን አለችኝ። ኮራ ብዬ «አይ ወርክድ ዜር ፎር ሲክስ ይርስ» አልኳት። «ታዲያ መቼ ለቀቅክ?» አትለኝም! ማን ለቀቀ? ዛሬ ጠዋት እኮ ከዚያው አስፈቅጄ ነው የመጣሁት! አልለቀቅኩም ስላት ፈገግ ብላ፣ ሕፃን ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው፣ «ሃቭ... ወርክድ» አለችኝ። «ሃቭ»ን ረገጥ አድርጋ። ጎኗ ያለው ሰውዬ አንገቱን ደፋ። እየሳቀ እንደሆነ ትከሻው ያሳብቃል። «ሃቭ» ካለች አሁንም እዚያው ነኝ፣ ከሌለች ለቅቄያለሁ ማለት ነው። በአማርኛ ቢሆን «ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው» ብዬ እገላገል ነበር።

ግን ማን አስተማረኝ? «ሃቭ ወይም ሃዝ ሲደመር ቨርብ ስሪ።» ጎ፣ ዌንት፣ ጎን። ሲ፣ ሶው፣ ሲን። ሸምድጄ ፈተናውን ደፍኛለሁ። መቼ እንደምጠቀምበት ግን በቅጡ የነገረኝ የለም። «ባለፈው ጊዜ ተፈጽሞ ከአሁኑ ጋር ግንኙነት ያለው ድርጊት» ይሉናል። የምን ግንኙነት? የዛሬው ውርደት ራሱ ማታ እንቅልፍ ሊነሳኝ አይደል እንዴ!

ደግሞ አማርኛው ራሱ ያስተናል። «በልቻለሁ» ማለት «አይ ሃቭ ኢትን» ነው ብለውን አረፉ። እኛ ግን «ትናንት አይቼዋለሁ» እንላለን፣ ምን አጠፋህ የሚል የለም። ይሄንኑ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» ብለህ ገልብጠው፣ አለቀልህ። «የስተርዴይ» ከገባች «ሃቭ» ትወጣለች። ባለፈው ለአለቃዬ «አይ ሃቭ ሴንት ኢት የስተርዴይ» ብዬ ኢሜይል ብጽፍ፣ አርሞ ለቢሮው ሰው ሁሉ በተነው። የላክሁትን ፋይል ግን እስከ ዛሬ አልከፈተውም! «አልበላሁም»ስ? ለ«ዲድንት ኢት»ም ለ«ሃቭንት ኢትን»ም ያለችን እሷው ናት። ከየት አምጥተን እንለየው?

አሜሪካኖቹ «በላህ ወይ?» ለማለት «ዲድ ዩ ኢት የት?» ሲሉ እኮ ማንም አይስቅባቸውም። እንግሊዞቹ በ«ሃቭ» የሚሉትን እነሱ ብዙ ጊዜ ያለ «ሃቭ» ይሉታል፣ የአነጋገር ልዩነት ነው ይባልላቸዋል። እኔ ጋ ሲደርስ ስህተት!

«እናሳውቅሃለን» ብለው ሸኙኝ። ደረጃውን ስወርድ ዓረፍተ ነገሩ ከነ«ሃቭ»ው ጥርት ብሎ መጣልኝ። ተመልሼ በሩን ላንኳኳ ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር። ተውኩት። ደክሞኛል።