ከንፈር መጣጩ ይኑርልን

ስለ አካል ጉዳተኞች ስፖርት የሚያስቅ ፊልም ለመሥራት መጀመሪያ የሚያስፈልገው አንድ ጤነኛ ሰው ነው። ጠባየ ክፉ ቢሆን ይመረጣል፤ ጠጥቶ መኪና ያጋጨ ከሆነ ደግሞ ሥራው ተጋመሰ። ዳኛ ፊት ይቀርብና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ቅርጫት ኳስ እንዲያሠለጥን ይፈረድበታል። በ2018 የወጣው የስፔኑ «ካምፔዮኔስ» እንዲህ ይጀምራል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካኖች በ2023 «ቻምፒየንስ» ብለው ደግመው ሲሠሩትም ስካሩንና ፍርዱን እንዳለ ወሰዱት፤ 90 ቀን የማኅበረሰብ አገልግሎት። ቡድን ማሠልጠን ከመቼ ወዲህ ነው ቅጣት የሆነው ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች የለም። የእኛን ብሔራዊ ቡድን ማሠልጠን ከሆነ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ቀላል ነው። ተጫዋቾቹ ሰውየውን ያሠለጥኑታል፤ ትዳሩ ይታረቃል፣ ልቡ ይለሰልሳል። ነፍስን እንዲህ አንጽቶ የሚያወጣ ማጠቢያ እስከ ዛሬ አልተፈለሰፈም። ተመልካቹም ከንፈሩን እየመጠጠ «ውይ አንጀቴን! ለካ እኔ ምንም አልጎደለብኝም» ብሎ ይወጣል። ለቲኬት የከፈለው ገንዘብ በዚህች ምስጋና ተመለሰለት ማለት ነው።

«ካምፔዮኔስ» ግን አንድ ቦታ ላይ ሙያውን አበላሽቷል። ጤነኛ ተዋንያን አንደበታቸውን እያኮላተፉ እንዲጫወቱ እንደማድረግ፣ እውነተኛ ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች አመጣ። ምርጥ ምርጡን ቀልድ እነሱ ወሰዱት። ከመካከላቸው አንዱ፣ ዕይታው ውስን የሆነው ኼሱስ ቪዳል፣ የስፔንን የፊልም ሽልማት ጎያን በአዲስ ተዋናይነት አሸነፈ። ሊያዝን የገባው ሰው ሐዘኑን ረስቶ ሲስቅ የተያዘው በዚህ ጥፋት ነው።

ፊልሙ ዊልቸር ካለበት፣ ከሆስፒታል ኮሪደር ላይ አንዱን ገፍቶ ማምጣት ይበቃል። የስፖርቱ ዊልቸር አይሆንም፤ አያሳዝንምና። መግፊያ እጀታ የለውም። ሁለቱ ጎማዎች ከላይ ተጠጋግተው ከታች ተራርቀው፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያዘነበሉ ናቸው፤ ሲሽከረከር እንዳይገለበጥ። ከኋላው ደግሞ ወደ ኋላ መውደቅን የምትከለክል ትንሽ ጎማ አለችው። የሆስፒታሉ ግን ጎማው ቀጥ ያለ ስለሆነ በሩጫ የመጀመሪያዋ ጥምዝ ላይ ተዋናዩን ይደፋዋል። ተደፋ፣ ተሳቀ፣ ታዘነ፤ ሦስቱም በአንድ ቀረጻ! ተጫዋቹ ከነዊልቸሩ ወድቆ በራሱ ክንድ ሲነሣ ማሳየት ግን ነውር ነው፤ ሊያነሡት የሚሮጡ እጆች ሥራ ይፈታሉ።

ሒሳቡንም አታስገቡት። በዊልቸር ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች እንደ ሰውነታቸው አቅም ከ1 እስከ 4.5 ነጥብ ይሰጣቸዋል፣ ሜዳ ላይ ያሉት የአምስቱ ድምር ከ14 መብለጥ የለበትም። አሠልጣኙ ባለ 2 ነጥቡን አውጥቶ ባለ 4.5 ማስገባት ሲያምረው ሌላ ባለ ከባድ ነጥብ ማስወጣት ግድ ይሆንበታል። ቅርጫቱም ዝቅ አላለላቸውም፣ ያው 3.05 ሜትር ነው። ተመልካች ይህን ከሰማ ጨዋታ እያየ መሆኑን ሊጠረጥር ይችላል።

የዓይነ ስውራን እግር ኳስ ከሆነ ደግሞ የከንፈር መጣጩ ውለታ እጥፍ ነው። ኳሷ ውስጧ የሚቅጨለጨል ነገር አላት፤ ተጫዋቾቹ የሚከተሏት በጆሮ ነው። ኳስ ለመንጠቅ የሚጠጋ ሰው «ቮይ» (መጣሁ እንደማለት በስፓኒሽ) ካላለ ጥፋት ይያዝበታል። ስለዚህ ኳሷ ጨዋታ ላይ እያለች ተመልካች ጸጥ ይላል። ደጉ ሰው ግን እንዴት ጸጥ ይበል? ርኅራኄው ገንፍሎ ያጨበጭባል፤ አጥቂው ኳሷ የት እንደገባች ይጠፋዋል። ከዚያም «አይ ምስኪን፣ አላያትም እኮ!» ይባላል።

ፍጻሜውን መሸነፍ ግዴታ ነው። የስፔኑም የአሜሪካውም ቡድን የመጨረሻውን ጨዋታ ተሸንፎ ይጨፍራል። አካል ጉዳተኛ ካሸነፈ ተፎካካሪ ይሆናል፤ ለተፎካካሪ ደግሞ ከንፈር አይመጠጥም።

ይህ ጥበብ ፍጹምነቱ ላይ የደረሰው ግን በፊልም አይደለም፤ በ2000 በሲድኒ ፓራሊምፒክ ነው። የስፔን ቅርጫት ኳስ ቡድን የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ባለባቸው ዘርፍ ሩሲያን 87 ለ 63 አሸንፎ ወርቅ ወሰደ። ከ12ቱ ተጫዋቾች አሥሩ ጉዳት አልነበረባቸውም። ጤነኛው ዋና ተዋናይ መሆኑ ካልቀረ አካል ጉዳተኞቹን ጨርሶ ማን ያስፈልጋቸዋል? ከአሥሩ አንዱ ጋዜጠኛው ካርሎስ ሪባጎርዳ ነበርና ጉዱን በስፔኑ «ካፒታል» መጽሔት ላይ ዘረገፈው። እሱ እንደጻፈው የተደረገለት ምርመራ ስድስት ፑሽ አፕና የደም ግፊት ልኬት ነበር። ነጥቡ በጣም ሲሰፋ ደግሞ እንዳይነቃባቸው ረገብ እንዲሉ ከአሠልጣኙ ተነግሯቸዋል። ጎበዝ መስሎ መታየት ሲያስፈራ ይኸው ታየ።

በ2005 በአሜሪካ የወጣው «ዘ ሪንገር» ጉዳተኛ መስሎ ስፔሻል ኦሊምፒክስ (የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ውድድር) የሚገባ አጭበርባሪን ጀግና አደረገው፤ ተጸጸተ፣ ልጅቷንም አገኘ። በስፔን ግን ያንን ቡድን የላከውን ፌዴሬሽን አለቃ በ2013 ፍርድ ቤት 5,400 ዩሮ ቀጣው፤ የመንግሥት ድጎማውም ተመለሰ። ትልቁን ዕዳ የከፈሉት ግን ሌሎች ናቸው፤ ዘርፉ እንዳለ ከፓራሊምፒክ ታግዶ አቴንስና ቤጂንግ አለፉ። በ2012 ለንደን ላይ አትሌቲክስ፣ ዋናና የጠረጴዛ ቴኒስ ብቻ ተመለሱ፤ ቅርጫት ኳስ አልተመለሰም። ሁለቱ የሚያስለቅሱ ኮሜዲዎች ከስፖርት ሁሉ የመረጡት ያንኑ ቅርጫት ኳስ ነው፤ በር የተዘጋበትን።

ፓሪስ 2024 ላይም ለከንፈር መጣጩ የሚሆን ብዙ አልተገኘም። የእኛዋ ያየሽ ጌቴ በ1,500 ሜትር ዓይነ ስውራን ውድድር በ4:27.68 የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ወርቅ ወሰደች፤ በዚህ ፍጥነት ከንፈር ለመምጠጥ ፋታ የለም። ሯጯና መሪዋ በገመድ ተያይዘው ይሮጣሉ፣ በፓሪሱ ደንብ ገመዱ አይለቀቅም ነበር። የስፔኗ ኤሌና ኮንጎስት በማራቶን ሦስተኛ ሆና መስመሩ ጥቂት ሜትር ሲቀረው፣ የሚያየው መሪዋ ጡንቻው ተኮማትሮ ሊወድቅ ሆነ። ዕይታዋ ውስን የሆነው እሷ ናት፤ አዝናለት ልትደግፈው ለቅጽበት ገመዱን ለቀቀች። ተሰረዘች፤ ነሐሱም ያኔ ለጃፓኗ ሯጭ ተሰጠ።