ሙሶሎኒ ጋ ሲደርስ ጊዜ የሚያልቅበት ትምህርት

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ኤፒ (በፈተና የኮሌጅ ክሬዲት ሊያስገኝ የሚችል ከፍ ያለ ትምህርት) የአውሮፓ ታሪክ በ1450 ገደማ ከሬኔሳንስ ተነስቶ እስከ ዘመናችን ይዘልቃል (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው)። ፈተናው ሜይ ላይ ነው። በሉተርና በሉዊ 14ኛ ላይ ተዝናንቶ የቆየ መምህር 20ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ሲደርስ በእጁ የሚቀሩት ሳምንታት ጥቂት ናቸው፤ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ያለው ዘመን በሩጫ ይታለፋል። የሚቀነስ ካለ የነገሥታቱ ዝርዝር ይቀነስ፤ ጣሊያን ኢትዮጵያን የወረረችበት 1935 ግን አይነካ ባይ ነኝ።

ከፈተናው ውጤት 25 በመቶው በአንድ የጽሑፍ ጥያቄ ላይ ነው። ተማሪው ሰባት ሰነዶች ይሰጡትና በአንድ ሰዓት ውስጥ አንብቦ ይሟገትባቸዋል። ሰነዱን ማን፣ ለማን፣ ለምን ብሎ እንዳዘጋጀው ማስረዳትም ነጥብ ያስገኛል። ለዚህ ልምምድ ከሳሙኤል ሆር የሚሻል ሰው አላውቅም።

የብሪታንያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆር በሴፕቴምበር 1935 ጄኔቫ ላይ፣ ያለ ምክንያት የሚሰነዘርን ጥቃት በጋራ ለመመከት አገሩ ከመንግሥታቱ ማኅበር ጎን እንደምትቆም ተናገረ። ኦክቶበር ላይ ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረች። በዲሴምበር ይኸው ሰው ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ጋር ፓሪስ ላይ ተቀምጦ ሰፊ የኢትዮጵያ ግዛት ለሙሶሎኒ እንዲሰጥ ተስማማ። ነገሩ ለፈረንሳይ ጋዜጦች ሾልኮ ሲወጣ ሥልጣኑን ለቀቀ። (ብዙም አልከፋው፤ በ1936 የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆኖ ተመልሷል።)

«ዋሸ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ብቻውን ግን ነጥብ አያሰጥም። ጎበዙ ተማሪ በመሃል የነበረውን የብሪታንያ የኖቬምበር ምርጫ ያያል። በዚያው ዓመት ከ11 ሚሊዮን በላይ ብሪታንያውያን በተሳተፉበት «የሰላም ድምፅ» በተባለ መንግሥታዊ ያልሆነ የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ ብዙኃኑ ማኅበሩን ደግፎ ነበር። ሙሶሎኒ ወደ ሂትለር እንዳይሄድ የነበረውን ስጋት ሲጨምርበት፣ ማኅበሩ በጣሊያን ላይ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን ያልነካው፣ የስዊዝ ቦይም ያልተዘጋው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ወላጆቻችን ኤፒን የሚወዱት ለክሬዲቱ ነው፤ የኮሌጅ ክፍያ ቀልድ ስላልሆነ አልፈርድባቸውም። ልጆቻቸው ግን ስለ 1935 ቤት ውስጥ የሚሰሙት የአርበኞችን ገድል እንጂ የለንደንና የፓሪስን ስሌት አይደለም። የጃንሆይ የ1936 የጄኔቫ ንግግርም እንደ ሌላው ሰነድ ይመርመር፦ ሲናገሩ አዲስ አበባ ተይዛ ነበር፤ ታዲያ አዳራሹ ውስጥ ማንን ለማሳመን ነበር? የማዕቀቡ መነሳት ዓለም ሁሉ የሚያወራው ነገር ነበር፤ ጁላይ ላይም ተነሳ።