ትከሻዬን ለቀቅ!

ቀኑ ማጠርና ብርዱ መክረር ሲጀምር፣ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን የሚይዝ ሰው አይጠፋም። አጎንብሼ በሥራዬ ላይ ሳለሁ ሁለት አውራ ጣቶች ከማጅራቴ ግራና ቀኝ ይተከላሉ፤ ባለቤታቸውም የጎማ ነፋስ እንደሚፈትሽ ሾፌር ጫን ጫን ካደረገ በኋላ፣ «ውይ! ድንጋይ ሆነሃል እኮ! ማሳጅ ግባ እንጂ!» ሲል ፍርዱን ያሰማል። ፈራጁ ሐኪም አይደለም፤ የማሳጅ ባለሙያም አይደለም፤ በቅርቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ታሽቶ የወጣ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ጥርሱን አስነቅሎ የመጣ ሰው የጎረቤቱን አፍ ከፍቶ ሲመረምር አይቼ አላውቅም፤ ዓይኑን የታከመም የሰው ዓይን ሲገልጥ አልታየም። የታሸ ሰው ግን ዘይቱ ከጀርባው ሳይደርቅ በሰው ጀርባ ሁሉ ላይ ሥልጣን የተሰጠው ይመስለዋል።

ይበልጥ የሚያበሳጨው ደግሞ ሰውዬው አለመሳሳቱ ነው። ሰው ሲበርደው ትከሻውን ወደ ጆሮው ይሰበስባል፤ አንገቱን ይቀብራል፤ ክንዶቹን ደረቱ ላይ ያጣብቃል። ከራስ ቅል ሥር ተነሥቶ በአንገት በኩል እስከ ትከሻ ጫፍ የሚዘረጋው ሰፊ ጡንቻ በዚህ ሁኔታ ቀኑን ሙሉ ተወጥሮ ይውልና፣ ማታ ሙቀት ውስጥ ሲገባም መላላቱን ይረሳዋል። በጨለማ ወጥቶ በጨለማ መግባት ሲታከልበት፣ የሚያስገርመው ያልደረቀ ትከሻ ቢገኝ ነው። ስለዚህ ትከሻዬ መድረቁን አውቃለሁ፤ የሚያበስረኝ ሰው አልቀጠርሁም።

በዚህ ወቅት ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ፣ ከምወዳቸው ተረቶች ሁሉ የማስበልጠው፣ «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» የሚለው ነው። የምወደው ሰውዬውን ስለማይኮንነው ነው፤ ጨነቀው፣ አገባ፣ አለቀ። በብሩህ ወራት ከንቱ ነገር የማይወድ፣ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ የሚቆጥር ጨዋ ሰው፣ ብርዱ ሲገባ በጋለ ድንጋይ ጀርባውን አስደርድሮ፣ ከድምፅ ማጉያ የሚንቆረቆር የወንዝ ድምፅ እየሰማ፣ ፊቱን በአልጋው ቀዳዳ አስገብቶ የባለሙያውን ጫማ ሲመለከት ይገኛል። ተረቱ ያ ባል ከሠርጉ በኋላ ምን እንደገጠመው አይነግረንም፤ አድማጩ ሁሉ ግን ተጸጽቷል ብሎ ይደመድማል። እኔ እንጃ! ምናልባት ጥሩ ሚስትና አስቀድሞ የተጀመረ ቤተሰብ አግኝቶ በሰላም ኖሮ ይሆናል። በጭንቀት የተገባበት ነገር ሁሉ ክፉ ነው ያለው ማን ነው?

ማሳጅም እንዲህ ያለ ጋብቻ ነው፤ ተጨንቀው ይገቡበታል፣ ከተጠበቀው በላይ ደህና ሆኖ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ፣ 37 ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ሥራ፣ አንድ ጊዜ መታሸት የዕለቱን ጭንቀት፣ የደም ግፊትንና የልብ ምትን ዝቅ እንደሚያደርግ፣ በተከታታይ የታሹ ሰዎች ደግሞ ከጭንቀትና ከድባቴ ያገኙት እፎይታ በንግግር ሕክምና ከሚገኘው ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ለባልደረባዬም ይበቃው ነበር። እርሱ ግን አይበቃውም፤ ለደስታው ምስክር የሚሆን ኬሚካል ይፈልጋል። «ኮርቲሶልህ ይወርዳል» ይለኛል፣ ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ የሚያመነጨውን ሆርሞን ማለቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ሰፊ ግምገማ ማሳጅ በኮርቲሶል ላይ ያለው ውጤት እጅግ አነስተኛ፣ በአብዛኛውም ከምንም የማይለይ መሆኑን ቢያሳይም፣ ዜናው እርሱ ዘንድ አልደረሰም።

የቆየ ቂሜን የሚቀሰቅሰው ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። «መርዙ ይወጣልሃል» ይላል። የትኛው መርዝ? በየት በኩል? ስሙን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ብዬ ዘመኔን ሁሉ ጠብቄአለሁ፤ እስካሁን አልመጣም። ተጨንቆ ስም የሚጠራ ቢኖር፣ ጡንቻ በከባድ ሥራ ጊዜ የሚያመነጨውን ላክቲክ አሲድ ይጠራል፤ እርሱ ደግሞ መርዝ ካለመሆኑም በላይ፣ ከከባድ እንቅስቃሴ በኋላ አንድ ሰዓት ገደማ ሳይሞላው በራሱ ጊዜ ከጡንቻና ከደም የሚጠፋ ነገር ነው። ጉበትና ኩላሊት ሌት ተቀን ሳያርፉ፣ ሻማ ሳይበራላቸውና ዋሽንት ሳይነፋላቸው ሰውነትን ሲያጸዱ ኖረው ምስጋናው ለላቬንደር ዘይት ሲሰጥ መስማት ያንገበግባል። «መርዙን ለማጠብ ብዙ ውኃ ጠጣ» የሚለው መመሪያ ሲጨመርበትማ ትዕግሥቴ ያልቃል። ውኃ የምጠጣው ሲጠማኝ ነው።

ከመርዞቹ ጓዶች ጎን ለጎን «ካላመመ አይሠራም» ባዮች አሉ። እነዚህ በአልጋው ላይ ጥርሳቸውን ነክሰው ይሠቃዩና፣ በነጋታው ሰማያዊ ሆኖ የበለዘ ጀርባቸውን እንደ ሜዳልያ ያሳያሉ። ስዊድናዊ ተብሎ የሚጠራውን ማሳጅ በስልት የከፋፈለው ሆላንዳዊው ሐኪም ዮሃን ጌኦርግ ሜዝገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አራት መሠረታዊ የእጅ ሥራዎችን ለይቶ ነበር፤ እነርሱም በረጅሙ መዳበስ፣ ጨብጦ ማሸት፣ መፈተግና መታ መታ ማድረግ ናቸው። ማሠቃየት በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ሳያስፈቅዱ ከኋላ መጥቶ አውራ ጣት መትከልም የለም። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ወይም እግሩ ላይ የደም መርጋት ያለበት ሰውማ ጠንክሮ መታሸት ጉዳት ሊያመጣበት ይችላል፤ ለዚህ ነው እውነተኛ ባለሙያ እጁን ዘይት ከመቀባቱ በፊት ጥያቄ የሚጠይቀው። ባልደረባዬ የጠየቀኝ ጥያቄ ቢኖር «አይሰማህም?» የሚለው ብቻ ነው። ይሰማኛል።

ነገር ግን በዚህ ሁሉ ትከሻ ነክ ግርግር መካከል ወቅቱ ራሱ ተረስቷል። በብርዱ ወራት ሰውን የሚያደክመው ብርዱ ብቻ አይደለም፤ የብርሃን ማነስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ይሠሩ የነበሩት ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ ወቅት ጠብቆ የሚመጣውን ድባቴ በስሙ ጠርተው ሲገልጹ፣ ያቀረቡት መፍትሔ ደማቅ ብርሃን ነበር። ዛሬም የሚመከረው መብራት ብዙውን ጊዜ 10,000 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን ድምቀት መለኪያ ነው) የሚሰጥ ሆኖ፣ ጠዋት ጠዋት ለ30 ደቂቃ ያህል ፊት ለፊት ይቀመጣል። የቤታችን አምፖል ግን በጥቂት መቶ ሉክስ የሚቆጠር ነው፤ ደመና የሸፈነው የእኩለ ቀን ሰማይ እንኳ በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። እኛ ታዲያ ምን እናደርጋለን? በዚያ አጭር ቀን ውስጥ ያለችውን አንዲት ብሩህ ሰዓት፣ የምሳ ሰዓታችንን ማለቴ ነው፣ ይዘን መስኮቱ በወፍራም መጋረጃ ወደተጋረደ ክፍል እንገባለን፤ በሻማ ብርሃን በሆዳችን ተኝተን ወለል ላይ እናፈጣለን፤ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ዘይት ተቀብተን እንወጣለን። ብርሃን አጥቶ የታመመ ሰው ጨለማ ሲገዛ ከማየት የበለጠ ምን የሚያስቅ ነገር አለ? አያስቅም እንጂ። ለሳምንታት ከአልጋው መነሣት ያቃተው፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ያስጠላው ሰው ሐኪም ማየት ሲገባው፣ ትከሻውን ጨብጠው «ማሳጅ ግባ» የሚሉት ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ሳቄ በአፌ ላይ ይደርቃል።

የጀመርሁት ስለ ባልደረባዬ አውራ ጣቶች ነበር መሰለኝ። ለእርሱ የምለው አጭር ነው፤ ቢያስፈቅደኝ እፈቅድለት ይሆናል፣ ሳያስፈቅድ ግን እጁን ይሰብስብ። እኔም ብሆን መታሸት አልጠላሁም፤ የጠላሁት ብርሃኔን ከፍዬ ማጣትን ነው። ስለዚህ ስልክ ደውዬ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ያለ ቀጠሮ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁ። የቀጠሮ ተቀባይዋ ድምፅ በእውነቱ እጅግ የተረጋጋ ነበር፤ የማታው ሰዓት እስከ ብርዱ ማብቂያ ድረስ ተይዞ ማለቁን ነገረችኝና፣ እኩለ ቀን ላይ ግን እንደልብ እንደሚገኝ አበሠረችኝ።